በመቀነቴ የቋጠርኩት ድንጋይ

ጨንቻ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ በርናባስ፤ ከደጋው ብርድ ሰላምታዬ ይድረስህ። እጄ ደክሞ በሦስት ቀን የጻፍኩት ነው።

ወንድምህ ጉታ ካረፈ ወዲህ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ እየመጣች እኛን ሸክላ ሠሪዎችን ሰብስባ ስለ ልባችን ሐዘን ታነጋግራለች። ሌላው የሚጸየፈውን ኩባያችንን ተቀብላ ውሃ ጠጣችልን። ስለ ጉታ አጫወትኳት፤ ትንሽ ቀለለኝ። እህትህ ሚሪያም ግን "እማዬ፣ አንቺ ሂጂ" ብላ ትቀራለች።

ትናንት ከአያቷ የወረሰችውን የሸክላ ማለስለሻ ድንጋይ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። "በምን ልትሠሪ ነው?" ብላት፣ "ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ። አነጋገሯ አስፈራኝ፤ ሄጄ ድንጋዩን አስመለስኩት፤ በመቀነቴ ቋጥሬዋለሁ። ነርሷንም ቤታችን ድረስ እንድትመጣ ለምኛታለሁ።

መስቀልን ሳትጠብቅ ና። "እማዬ ጠርታኝ ነው" አትበላት። ድንጋዩን አንተ በእጅህ ትሰጣታለህ።

ጌታ መንገድህን ያሳጥርልህ።

እናትህ በለጥሽ