ውርጭ ላይ ያደረች ጫማ

ሞልዬ፣

የገደለህ አበልጃችን ገበየሁ ነው። ይህን ሳልጽፍ ሌላ ቃል መጻፍ አልቻልኩም። ልጃችንን ስንታየሁን ክርስትና ያነሣት ሰው፣ በየወሩ የማርያምን ጽዋ አብሮህ የጠጣ ሰው፣ በገዛ እጁ ባፈሰሰው የጫማ ሶል ከአሸተን ተራራ ገደል ጣለህ።

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ኅዳር ገባ። ይህ የማን ጽሕፈት ነው ትል ይሆናል። የእኔ ነው። በሕይወት ሳለህ "እኔ አነብልሽ የለ፣ ምን አደከመሽ" ትለኝ ነበር። የሚያነብልኝ ስላጣሁ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። አሁንም አንድ መስመር እስክጨርስ ጣቴ ይደነዝዛል።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ማሳውን የወንድምህ ልጅ በእኩል ያርሰዋል። የኋላው ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ክረምቱ ሲወጣ እኔና ስንታየሁ ጭቃ አቡክተን መረግነው። ጭድ እየነሰነስን ስንረግጥ አንተ ትዝ አልከኝ። ጭዱ ሲያንስ "ይሰነጠቃል፣ ጨምሩበት!" እያልክ ትጮኽብን ነበር።

ገበየሁም ያሰበው ይህንኑ ነው። ያረጀ የፕላስቲክ ጫማ አቅልጦ ሶል ሲያፈስ፣ ነጭ ድንጋይ ወቅጦ፣ ነፍቶ ጨመረበት። ጭቃ በጭድ እንደሚጠና ፕላስቲክም በዱቄት ይጠናል አለ። ሙጃ ገበያ ላይ በቀትር ስትለካው እውነትም እግር የሚይዝ፣ ያማረ ጫማ ነበር። ስንት ዳገት የወጣህበትን የጎማ በረባሶ አውልቀህ፣ ለጽዮን ማርያም አዲስ አድርጌ ልሂድ አልክ። እኔም አማረብህ አልኩህ። በማለዳ አሸተንን ስትወጣ መንገዱ በአመዳይ ነጭ ነበር። ጠባቡ ማለፊያ ላይ ስትደርስ ሶሉ እንደ ገል ተሰበረ።

ስንታየሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ታጠናለች። ለእረፍት ስትመጣ ነገሩን አስረዳችኝ። ፕላስቲክ ውስጡ የተጠላለፈ ረጅም ክር ነው አለች። ሙቀት ሲያገኝ ክሮቹ ይላወሳሉ፣ ስለዚህ ይተጣጠፋል። ብርዱ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ግን ክሮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ፕላስቲኩ እንደ መስተዋት ይሆናል። ዱቄት ሲገባበት ደግሞ ይህ ልክ ሊዛወር ይችላል። ክሮቹ ብናኙን አጥብቀው ከያዙት መላወስ ያቅታቸዋል፣ ገና ብዙም ሳይበርድ ይደርቃል። ካልያዙት ልኩ ባለበት ይቆያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ የባሰ ብርድ ካልመጣ አይደርቅም።

ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አላልኩም? ዱቄቱ ነው የገደለው አልኩ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። "እማዬ፣ የበረባሶው ጎማም እኮ ዱቄት አለበት። ጥቁረቱ ጥላሸት ነው። ያ ጎማ መስተዋት የሚሆንበት ብርድ ግን ላስታ ውስጥ የለም" አለችኝ። የገበየሁ ዱቄት ልኩን ቢያዛውረው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ከእኛ ውርጭ ጋር ተገናኘ። ፕላስቲኩም ደጋግሞ በመቅለጥ የሚያለሰልሰውን ቅባት ጨርሶ ነበር። ሁሉንም ዱቄቱ ላይ መጫን አልችልም አለች። እኔ ጫንኩት። የምጠላው ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

የተረፈችውን አንዷን ጫማህን ማታ ማታ ደጅ የድንጋይ ካቡ ላይ አሳድራት ጀመር። ማለዳ ሳነሣት ድርቅ ብላ ትንኳኳለች። ፀሐይ ሲያገኛት ምንም እንዳላደረገች ትለሰልሳለች። ገበየሁ እንድንታረቅ ሽማግሌ ቢልክ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡት በቀትር ነበር። ጫማዋን እየተቀባበሉ አጠፏት፣ ዘረጓት። አንደኛው "እሜቴ፣ ይቺማ እንኳን ሰው ልትጥል፣ ጥንዷ ቢገኝ እኔም በወሰድኳት" አለና ሳቁ። በር ዘጋሁባቸው።

ባለፈው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ገበየሁ ራሱ መጣ። ጫማዋን ከካቡ አንሥቼ ሰጠሁት። ሊያጥፋት ሞከረ። እጁ ላይ ጧ ብላ ለሁለት ሆነች። ስባሪዎቹን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። "አበልጄ፣ እኔኮ እንዲጠናለት ብዬ ነው" አለ።

ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ሞልዬ፣ ያየሁት የእሱን ማፈር አልነበረም። ገደሉ ያልወሰዳትን አንዲት ጫማህን እኔ ውርጭ እያበላሁ እንደጨረስኳት ነው ያየሁት።

ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። በማርያም ለት ጽዋውን ከእጁ መቀበል ይቻለኝ እንደሆነ እንጃ። ስባሪዎቹን ጓሮ ቀበርኳቸው። በረባሶህ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሳልፍ ሳገድም በእጄ እነካዋለሁ፣ ዛሬም ይታጠፋል። እኔ እስካለሁ ከዚያ አይወርድም፤ አንተም ከልቤ አትወርድም። ከእንግዲህ ግን ያንተ የሆነ ነገር ውርጭ ላይ አላሳድርም።