የወፋ ዓይን ነጭ ነው

ሐጅ ዩሱፍ፣ ኻርቱም
ጥቅምት 2006 ዓ.ም.

ነጭ ነው እማዬ፣ ዓይኗ ነጭ ነው! ልጄ መላክ ሁለተኛዋን ወለደች። ሴት ናት፣ ወፋ ብለናታል። ያ የምፈራው የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፣ ቀጥሎ ያለውም አለፈ፣ ልጅቷ ቢጫ አልሆነችም። ጡት ስትይዝ እናቷን ታስጮሃታለች። እኔ ደግሞ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ዓይኗን እየገለጥኩ ሳይ መላክ በዓረብኛዋ ትቆጣኛለች፤ ሐቦባ ሁኚ እንጂ ፖሊስ አትሁኚ ትለኛለች። ሐቦባ እዚህ አያት ማለት ነው።

ውይ፣ ከደስታዬ ብዛት ሰላምታውን ረሳሁት። እናትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለው? የዓይንሽ ሞራስ ባሰ ወይስ እንደዚያው ነው? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ነሐሴ ላይ ጎርፉ የጓሮውን ግድግዳ ወስዶብን ነበር፣ መልሰን ሠርተነዋል። ባሌ ዐወደላ ዛሬም ረክሻውን፣ የእናንተን ባጃጅ፣ ይነዳል፤ ሆዱ ከመሪው ጋር መጣላት ስለጀመረ አንዳቸው መልቀቃቸው አይቀርም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ለዲያቆኑ እንዳትሰጪው። ይዞት የመጣው ሰው ራሱ ያንብብልሽ። እንግዳ ነው ብለሽ አትፈሪ። ውሃ ስጪው፣ መደቡ ላይ ይቀመጥ። እኔ የምለውን ሁሉ እሱ ቢሰማው ግድ የለም።

እማዬ፣ ሦስቱን ልጆቼን አንቺ አላየሻቸውም። ከመላክ በኋላ የመጡት ሁሉ ሲወለዱ የሚያምሩ ነበሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሳ የዓይናቸው ነጩ እንደ እንቁላል አስኳል ሆኖ አገኘዋለሁ። ጡት ይተዋሉ፣ ማልቀስም ይተዋሉ፣ በቃ። ሦስቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ቢጫ ጨርቅ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በመስኮት ቢጫ ሆና ስትገባ ተነስቼ እዘጋዋለሁ፤ ዐወደላ ለምን ብሎ መጠየቅ ከተወ ቆየ። አንዳንዴ ሦስቱ አድገው፣ የመላክን ያህል ሆነው፣ በሩ ላይ የቆሙ ይመስለኛል። ምን አድርገን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዘው መልስ የሚጠብቁ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። ዐወደላ «መክቱብ ነው» ይልና ይተኛል፤ አስቀድሞ ተጽፏል ማለቱ ነው። እንቅልፉን ስንት ጊዜ ቀናሁበት።

አንቺ ግን መልስ ነበረሽ። ያን ጥምቀት ማታ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በጠብ መሃል ተመትቶ ሲሞት፣ ዱላው የማን እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን። አገሩ ገዳዩን ሊያወጣ ለአውጫጭ በተሰበሰበ ቀን የሚካኤልን በር ይዘሽ፣ ትንሣኤ ልጄ ወባ ጥሎት ከቤቴ አልወጣም ብለሽ ማልሽ። ወንድሜ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በእሱ ፈንታ የእትዬ ብርቅነሽ ልጅ ነቢዩ ታሰረ። እትዬ ብርቅነሽ ደጅሽ ድረስ መጥተው «ፍርዱን ከማሕፀናችሁ ያውጣው» ብለው ሄዱ። ከዚያ የእኔ ልጆች መሞት ጀመሩ። አንቺም በመንገደኛ አፍ ላክሽብኝ፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ ምላሴ ነው አልሽ። እስከ ዛሬ የሚካኤልን ቅጥር እንደማትገቢ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ እንደምታስቀድሺ ሰምቻለሁ።

እኔም አመንኩሽ እማዬ። ለምን እዋሻለሁ፣ ስንት ዓመት አመንኩሽ።

መላክ የመጀመሪያ ልጇን፣ ኡበይን፣ ስታረግዝ ግን ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። ዶክቶራ ረሺዳ የምትባል፣ ከመላክ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት። የእኔ ልጆች እንዴት እንደሞቱ ጠየቀችኝና ከእኔም ደም ወሰደች። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የእኔ የደም ዓይነት ከባሌ ጋር አይስማማም አለች። የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፣ ከዚያ በኋላ የአባቱን ደም ይዞ የሚመጣውን ግን የእናቱ ደም እንደ ጠላት ይወጋዋል። መላክም የእኔን ደም ወርሳለች። የመጀመሪያውን እንደወለደች የሚወጉት መርፌ አለ፤ እሱን ካገኘች ተከታዩ አይነካም። እኔም መርፌው እርግማን ይመልሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች፣ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች።

መርፌውን ወጓት። እኔ ግን የወፋን ዓይን እስካይ ድረስ አላመንኩም። ለዐወደላ ስነግረው፣ ደሙንስ የጻፈው ማን ሆነና አለኝ። እሱ ከአቅሜ በላይ ነው። ይህን ግን አውቃለሁ፤ እዚህ ኻርቱም አንድ ዳኛ ያጠፋውን ቁጭ አድርጎ በአንቀልባ ያለውን ቢቀጣ በአደባባይ እጮህበታለሁ። ሰው ላይ የምጮህበትን ነገር እንዴት አድርጌ የእግዚአብሔር ነው ልበል?

ስለ ትንሣኤ ደግሞ ልንገርሽ። ጀሪፍ፣ ወንዙ ዳር፣ ጡብ ሲያቃጥል ነው የኖረው። ለምን እንዳላገባ ስትጠይቂኝ ሴት አልተስማማውም እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። አይደለም። ልጅ ከሌለኝ እግዚአብሔር የሚወስድብኝ አያገኝም ብሎ ነው። ለበዓል ስኳር ይዞ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ ይሄዳል። ኡበይን አንድ ቀን አላቀፈውም።

ባለፈው አርብ መጣ። ወፋን ፀሐይ ላይ ይዤ የዶክቶራዋን ነገር፣ የደሙን፣ የመርፌውን፣ ሁሉን ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦

«እንግዲያ የእኔን እስከ ዛሬ የከፈለ የለም ማለት ነዋ።»

(አንባቢው፣ ይህቺን እንዳትዘላት። እንደጻፍኳት አንብብላት።)

ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ ልጅቷን ስጪኝ አለኝ። አቅፏት ፀሐይዋ እስክትዞር ተቀመጠ። በማግሥቱ የመንገድ ወረቀት ሊያወጣ ሄደ። ሂድ አላልኩትም እማዬ። አትሂድም አላልኩትም። እስር እንዳለው፣ የሟች ዘመድ እንዳለ ያውቃል። ያኔም ዱላውን ያነሳው እሱ ነው፣ አሁንም የተነሳው እሱ ነው።

አንቺ እግዚአብሔር በልጅ ልጆቼ ቀጥቶኛል ብለሽ ዝም አልሽ። ቅጣቱን እየተቀበልኩ ነው፣ ሌላ ምን ቀረኝ አልሽ። አልተቀበልሽም እናቴ። የተቀበለው ነቢዩ ነው። ከእስር ከወጣ በኋላ እንኳ ልጁን የሚድርለት አጣ፣ በማኅበር ጽዋ የሚያቀብለው አጣ፣ ነፍሰ ገዳይ እየተባለ ሸበተ። እሱ አጥሩ ውስጥ ሆኖ ሰው ይሸሸዋል፤ አንቺ ከአጥሩ ውጭ ሆነሽ ሰው ያዝንልሻል። የእኔ ልጆች የማንም ቅጣት አልነበሩም። ልጆቼ ነበሩ። አሁን በሩ ላይ ሲመጡብኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

ተቆጥቼሽ አይደለም። በአንቺ ቦታ ብሆን በሩን አልይዝም ነበር ብዬ አልምልም፤ መሐላ ከእኛ ቤት ይብቃ።

አሁን እማዬ የአንባቢሽን እጅ ያዢው። ዓይንሽ ቢደክም መዳፍሽ አይስትም። ጭቃና እሳት ሰነጣጥቀውታል፣ አውራ ጣቱ ላይ ግን በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው አለ። አልቅሺ፣ ሳሚው፣ አብዪው። ተነስቶ ወደ እትዬ ብርቅነሽ ቤት ልሂድ ሲልሽ ግን በር እንዳትይዢ። ከቻልሽ ምርኩዝሽን አንሺና አብረሽው ውጪ። እሳቸው ደጃቸውን ቢዘጉም ይዝጉ፤ መብታቸው ነው።

የሚካኤል አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የደጁን መግቢያ ይመልስልሽ። ሦስቱን ላላየው ዓይንሽ ወፋን ያሳይልኝ።

የሆድሽ ፍሬ፣ የወፋ ሐቦባ፣
ልጅሽ

ቀኑን ሳልነግርሽ ልጨርስ ነበር። መላክ አርባዋን ስትጨርስ እሷን፣ ኡበይን፣ ወፋንና ዐወደላን ይዤ በመተማ በኩል እገባለሁ። ዐወደላ የራሱን በግ ራሱ ያርዳል፣ አትጨነቂ። ትንሣኤን የትም ቢያስገቡት ምግቡን እኔ አደርስለታለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪልኝ፣ እትዬ ብርቅነሽን በአፍሽ ጥሪልኝ፣ ነቢዩን ከሁሉ በፊት ጥሪልኝ፣ ሕፃኗን መጀመሪያ የሚያቅፋት እሱ ነው። ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከቅጥሩ ውስጥ። አንድም ሰው እንዳይቀር።