የቤቴን እግር በጣውላ ስለ መሸፈኔ፣ ለሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት

ለክብርት ወይዘሮ ሳርጊላና
የወረዳው ሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሃራ-ኩዮል

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በብርዱ እንዳይደርቅ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚያድረው መኪናዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቴም ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የአክብሮት ሰላምታውን ያቀርብልዎታል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቁኝ ስል ራሴን አስተዋውቃለሁ። ስሜ ቴሬንቲ ነው፤ በከተማችን ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። መሬታችን ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ መሆኑን፣ ቤቶቻችን በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የሚሠሩትም ከወለሉ ሥር ቀዝቃዛ ነፋስ አልፎ መሬቱ እንዳይቀልጥ መሆኑን ለሰባት መቶ ያህል ልጆች አስረድቻለሁ። ከእነሱ አንዷ እርስዎ ነበሩ። ቤቶቻችን ለምን እግር እንዳላቸው በፈተና ስጠይቅ፣ እርስዎ «ነፋስ እንዲገባ» ብለው በሁለት ቃል መለሱ፤ እኔም ማብራሪያው አንሷል ብዬ ከአምስት ሁለት ሰጠሁዎ። ያኔ «አንቺ» ነበር የምልዎ። ዛሬ «እርስዎ» የምለው ለሹመትዎ ብቻ ብዬ እንዳልሆነ ከታች ይረዱታል።

የመጀመሪያው አቤቱታዬ ስለ ዝምታዎ ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት፣ ባለቤቴ ቫርቫራ ጉልበቷን ታምማ፣ ወለሉም እንደ ከተማችን ሐይቅ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከቤቴ ሥር ያለውን ክፍተት በአንድ ቅዳሜ ዙሪያውን በጣውላ መትቼ ዘጋሁት። በጣውላው መሐል ሰጋቱራ ሞላሁ፤ ዶሮዎቼን አስገባሁ፤ ብርድ እንዳይነካቸውም ትንሽ የብረት ምድጃ አነደድኩላቸው። ሰባት መቶ ልጅ ያስተማረ ሰው ይህን ሁሉ ሲያደርግ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ መዶሻዬን አለመቀማቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በዚያ ዓመት ውጭው ከዜሮ በታች አምሳ አንድ ሆኖ፣ ጭጋጉ የጎረቤትን አጥር ደብቆ፣ እኔ ቤቴ ውስጥ በካልሲ እንሸራሸር ነበር። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በእጁ ካልነካ ሻይ አላቀርብም ነበር። ይህ ጥበብ ከእኔ በፊት ለማንም ለምን እንዳልታየም በትሕትና አሰላስል ነበር።

ሁለተኛው አቤቱታዬ ስለ ጨዋነትዎ ነው። በቀጣዩ በጋ በሩ አልዘጋ አለ። ላግኩት። ከወር በኋላ ደግሞ ላግኩት። በሦስተኛው ጊዜ በሩ ከማነሱ የተነሳ ድመት ሳይከፈትላት ትገባ ጀመር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቫርቫራ ማንኪያዋን አስቀምጣ የፈረስ ሥጋ ሾርባዋን አተኩራ አየችው።

«ቴሬንቲ፣ ሾርባው ወደ አንተ ያደላል» አለችኝ።

«ሳህኑ ነው ጠማማ።»

«ሁሉም ሳህን?»

«አንድ ላይ አይደል የተገዙት» አልኳት።

የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ በመከር ተጽፎ በረዶው ሊቀልጥ ሲል ደረሰኝ። «ቁጥር 47 የሆነው ግንባታ የሥር አየር መተላለፊያው እንዲከፈት ይመከራል» ይላል። ክብርት ሆይ፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው «ይመከራል» ተብሎ ይጻፋል? «አንተ ሽማግሌ፣ ቤትህ ሊወድቅብህ ነው» ቢባል ምናልባት ይገባኝ ነበር። እኔም በዘጠኝ ገጽ፣ በእጄ የሣልኩትን ካርታ አያይዤ፣ የበረዶ መሬት ጠባይ ምን እንደሆነ ለጽሕፈት ቤትዎ አስተማርኩ። ሠራተኞችዎ ሲከፋቸው ያንን ደብዳቤ ጮክ ብለው እንደሚያነቡት ሰምቻለሁ። ላደረጉለት ክብር አመሰግናለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለማጣፈጥ አልሞክርም። ባለፈው መከር መጨረሻ፣ በረዶው መሬት በያዘ በሁለተኛው ሳምንት፣ መሬቱ ሲሰምጥ ትልቁ የጡብ ምድጃችን ተሰነጠቀ። እኔ እንጨት ስፈልጥ ቆይቼ ስገባ ቤቱ ጭስ ብቻ ሆኗል፤ ቫርቫራም ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ስሜን ልትጠራ ትሞክራለች። ተሸክሜ አወጣኋትና በረዶው ላይ አስቀመጥኳት። ትንፋሿ እስኪመለስ የቆየው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

«እህቴ ጋ ነኝ» አለች፣ መናገር ስትችል። «ወይ ቤቱ፣ ወይ አንተ፣ አንዳችሁ ቀጥ ስትሉ ላክብኝ።»

በዚያው ቀን እርስዎ ራስዎ መጡ። በረዶው ላይ ተንበርክከው፣ አንዱን ጣውላ አስነስተው፣ በባትሪ ረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«መምህር፣ ከሥር ኩሬ አለ» አሉኝ።

«ምን ያህላል?»

«ዶሮዎቹ ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አልኩዎ። መልሱን ሳላውቅ ተማሪዬን ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጣውላውን ሁሉ ዛሬውኑ ይንቀሉ። ብርዱ ይግባ። ዘንድሮ ካልቀዘቀዘ በበጋ ይወድቃል።»

«ወለሉስ?»

«ወለሉማ ይቀዘቅዛል፣ መምህር።»

ሦስተኛውና ከባዱ አቤቱታዬ እዚህ ላይ ነው፤ አልተቆጡኝም። ለቁጣዎ የሚሆን መልስ መንገድ ላይ ሳይዎ ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።

ጣውላውን ብቻዬን በአሥራ አንድ ቀን ነቀልኩት፤ በጣም አጥብቄ መትቼው ነበርና። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠሁ። ምድጃውን በጭቃ ለስኜ፣ በፀጉር ካፖርትና በሱፍ ቦት እየተኛሁ ከረምኩ። ወለሉ ላይ ያስቀመጥኩት የውሃ ባልዲ በየጠዋቱ በረዶ ይሠራ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያማረርኩትን ብርድ ቤት ለእንግዳ አልኩት። ሬዲዮው ከዜሮ በታች አምሳ አራት ያለ ዕለት፣ በከተማው ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከወር በፊት ሠራተኞችዎ መሬቱን በስተው ጠንክሯል አሉና፣ የሰመጠውን ጥግ በክሪክ አነሡት። አንድ ስንዝር ያህል ግን ሳይመለስ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ቫርቫራ መጣች። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረች። ከማገዶው ክምር ስንጥር መርጣ ከጠረጴዛው እግር ሥር አስገባች፣ በእጇ ገፋ አድርጋ ሞከረችው፣ ከዚያም ካፖርቷን አወለቀች።

አራተኛ አቤቱታም ነበረኝ፤ እሷ ስትገባ ጠፋኝ።

ከበረዶው በላይ ለመቆሜ ባለ ዕዳዎ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያወቀ፣ በአንድ ቅዳሜ የረሳ፣ የግንባታ ቁጥር 47 ነዋሪና አክባሪዎ፣

ቴሬንቲ

ማስታወሻ፦ ትናንት ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ሳለ፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ እርሳስ ወደቀና ማንም ሳይነካው እስከ እርስዎ በር ድረስ ተንከባለለ። ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ የድሮ መዝገቦቹን ከወለሉ ሥር አስገብታችሁ ነፋስ እንዳይነካቸው ዙሪያውን እንደዘጋችሁት ነገረችኝ፤ ቢሮውም ዘንድሮ እንዴት እንደሞቀ ወለሉን ነክቼ እንዳይ ጋበዘችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ምስማር መንቀያዬን ይዤ እመጣለሁ። የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ግን አደራ አያምጡልኝ፤ ተፈርሞ እስኪመለስ በጋው ይቀድመናል።