በሶ የበላው ራዲያተር

ስማቸው፣

መኪናዋን እስክመለስ አታስነሳት ብልህም ታስነሳታለህ። ስለዚህ ስማኝ።

ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብ በሶ ጨመርክበት። ሹፌር ሁሉ ሲቸግረው የሚያደርገው ነው፤ ግን ጭብጥ ታክል እንጂ ቋጠሮው ሙሉ ይጨመራል እንዴ! ቀዳዳውን ደፍኖ ውስጡንም ደፈነው። ከአባይ በረሃ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ያፈላችብህ ለዚህ ነው።

ትናንት ፈትቼ ሳጥበው ገንፎ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀዳዳውን አስበይጄዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ውሃዋን እይ። ስትግል ክዳኑን እንዳትነካ፤ የባለፈው ጠባሳ እጅህ ላይ አለ። ብታፈላም አቁማት፤ በራሷ ትብረድ። በግለቷ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህባት ሞተሩ ይሰነጠቃል።

እኔ አገር ቤት፣ ወደ ከላላ ወርጃለሁ፣ እናቴን አሟታል። መቼ እንደምመለስ አላውቅም።

ስለ መኪናዋ አብሽር፣ አልተቀየምኩህም።

በሶው ግን እናቴ የላከችው ነበር፣ «ለሁለታችሁ» ብላ። አንተ ከመንገድ ስትገባ በጥብጠን እንጠጣለን እያልኩ ስንት ማታ ጠበቅኩህ። ገብተህም ሳንተያይ ትወጣለህ።

ከነቋጠሮው ያገኘኸው ለብቻዬ መፍታት አልሆንልኝ ብሎ ነው።

ሁዜይፋ