ሰባተኛው ስም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ወገብሽስ? ከሁሉም በላይ ግን ቀኝ እጅሽ እንዴት ነው? ለምን እንደጠየቅኩሽ ወደ ታች ስታነቢ ይገባሻል። የልጅ ልጅሽ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆናለች፤ ሁለት ጥርስ አብቅላ ጡቴን ትነክሰኛለች። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ግን ለወጉ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የምታደርስልሽ አሠሪዬ ናት፤ ቁልፍ የምተክልላት ልብስ ሰፊ። አፏ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይፈታም፣ ምስጢር ላይ ግን ድንጋይ ናት። ስለዚህ እንደልቤ እጽፍልሻለሁ።

ያ ሰማያዊ ደብተርሽ ትዝ ይልሻል? የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ስትጠብቂ በኖርሽባቸው ዓመታት፣ ከየመጽሐፉ ስም እየለቀምሽ የሞላሽው። ዮሐንስ አንዱ አገር ዣን፣ ሌላው ዘንድ ኢቫን፣ ሌላው ዘንድ ሾን ይባላል። ያዕቆብና ጄምስ አንድ ስም ናቸው ያልሽኝ ቀንማ እማዬ ጃጀች ብዬ ነበር። ለራስሽ ስም ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥተሽው ነበር፤ በአሥራ አንድ ቋንቋ፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ሰጥተሽ።

አባቷ አንገቴን ይዞ ከግድግዳው ጋር ያጣበቀኝ ዕለት፣ ልጄን አቅፌ አንቺ ዘንድ ስመጣ፣ ስሟ ካልተለወጠ እንደሚያገኘን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። በስምሽ ስለተጠራች ስሟን መለወጥ አልሆንልኝ አለ። ያኔ ገጹን ገልጠሽ ሰባተኛው ላይ ጣትሽን አሳረፍሽ። ይቺም ያው እኔው ነኝ፣ ግን ማንም አያውቀኝም አልሽኝ። ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን።

ማክሰኞ ዕለት ለክትባት ወሰድኳት። ክሊኒኩ ጠባብ ነው። ሚዛኑ ከአረንጓዴ መጋረጃ ጀርባ ነው፣ ካርድ ክፍሉ ከመጋረጃው ወዲያ። ነርሷ ልጅ በመዘነች ቁጥር ስሙንና ኪሎውን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ የካርድ ሠራተኛው ከወዲያ ሆኖ ይጽፋል። ልጄን ልብሷን አውልቄ ሚዛኑ ላይ ሳስተኛት የአባቷን ድምፅ ሰማሁ። ያንን ለሰው ፊት የሚያወጣውን ለስላሳ ድምፁን። ሚስቱ አእምሮዋ ታውኮ ልጁን ይዛ እንደጠፋችበት፣ ልጅቷን በሌላ ስም ታስከትባት እንደሆነ፣ እየተለማመጠ ለካርድ ሠራተኛው ይነግረዋል። ይህ ሦስተኛ ክሊኒኩ እንደሆነም ተናገረ። ሕፃን ያለ ክትባት እንደማያድግ ያውቃላ።

እንዳታለቅስ ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩላት። ነርሷን ዝም በይ እንዳልላት ድምፄን ይለየዋል። እንደልማዷ የልጄን ስም ጠራች፣ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ አለች። ሠራተኛው አልገባው ኖሮ ድገሚው አላት። ደገመችው። ከዚያ ፊደል በፊደል ቆጠረችለት።

አባቷ ሳቀ፣ እማዬ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው፣ የመድኃኒት ስም ነው እንዴ ያወጡላት አለ። ሠራተኛውም አብሮት ሳቀ። ከመጋረጃው ሥር ጫማው ይታየኛል፤ ያ እኔው ስወለውለው የኖርኩት ቡናማ ጫማ። ፈራሁ ብልሽ ያንስብኛል። ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ጫማውን ብቻ አያለሁ። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩን አስመዝግቦ ሄደ። ነርሷ ፊቴን አይታ ውሃ ሰጠችኝ።

ካርዴን ልቀበል ስሄድ ትቶት የሄደውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ያንቺ ስም ነው፣ በየቋንቋው፣ ከላይ እስከ ታች። ከእያንዳንዱ ስም ኋላ አንቺ የምታደርጊያት ነጥብ አለች። ያንን ገጽ ከሁለታችን በቀር ያየው የለም። እናቴ አሳልፋ ሰጠችኝ አልኩ። ለአንዲት አፍታ ጠላሁሽ። ይህን ሳልናዘዝልሽ ብቀር እድሜዬን ሙሉ ይከነክነኛል።

ከዚያ ቆጠርኩት። አሥር ነው። ደግሜ ቆጠርኩት። ደብተርሽ ላይ ስምንተኛ የነበረው ስም፣ እዚህ ሰባተኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ጽሕፈቱ ደግሞ፣ እማዬ። የመጽሐፍ ካርድ ስትሞዪ መስመር ስታ የማታውቅ እጅ ነበረችሽ። እዚያ ወረቀት ላይ ፊደሎቹ ተንጋደዋል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። ልጅ ሆኜ ቀኝ ክንዴ የተሰበረ ጊዜ በግራዬ ስሞነጫጭር የነበረውን ቁርጥ።

አሁን የምፈራው ለእኛ አይደለም። እኛ ቤት ለውጠናል፣ ልብስ ሰፊዋ ታውቀዋለች። አሥሩ ስሞች የትም ካላደረሱት ግን ተመልሶ የሚመጣው አንቺ ዘንድ ነው። ያን ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ደብተሩን አቃጥዪው። ሻንጣ አታዘጋጂ፣ ጎረቤት አትሰናበቺ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር እንደቆምሽ ነይ። ለመጽሐፎቼ ማን አላቸው እንደምትዪ አውቃለሁ። ለእኛስ ማን አለን?

የልጅ ልጅሽ ስሟን ለይታለች፣ ስጠራት ትዞራለች። አንቺ ስትመጪ እዚህ ቤት ስምሽ ሁለት ጊዜ ይጠራል።

ደጅሽን የሚያንኳኳው ደግ ሰው ብቻ ይሁን። ከክፉ እጅ ይሰውርሽ።

መልስ አትጻፊልኝ። ለልብስ ሰፊዋ ራስሽን ነቅንቂላት፣ እሱ ይበቃኛል። ግራ እጅሽም ይረፍ።

ልጅሽ፣ ከነስምሽ