ብርነሽ አለፈች

ልጄ አባይነህ፣ እኅትህ ብርነሽ ሒሳቡን አለፈች! ደስታው ሰላምታውንም አስረሳኝ፤ ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክልኝ?

አምና ስትወድቅ መምህሯ አልተቆጧትም፤ «የወደቅሽበትን ለትንንሾቹ አስተምሪ» አሏት። መጀመሪያማ አለቀሰች። ኋላ የጎረቤታችን የጃሚላ ልጅ ነሲማ «ለምን? እንዴት?» እያለች መውጫ መግቢያ ስታሳጣት፣ ለእሷ አስረዳለሁ ስትል ለራሷም ገባት። አሁን ነሲማ «እኔ ነኝ ያሳለፍኳት!» እያለች ሰፈራችንን ፈረስ መጋላን አዳርሳዋለች።

አንተም ወደቅሁ ብለህ የቤሩቱን ዩኒቨርሲቲ ጥለህ አትምጣ። የከበደህን ለአንዱ ጓደኛህ አስረዳውና ፈተናውን ድገምልኝ። ናፍቆትህስ መች አስቀመጠኝ፤ ብቻ አምላክ ልብህን ያበርታልኝ።

ድግሱ ለሐምሌ ገብርኤል ነው፤ አንድም ሰው እንዳይቀር ብያለሁ፣ ካንተ በቀር።

እናትህ እልፍነሽ