የጭኔ ፈረቃ

ጥቅምት 3
ዛሬም ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። የሕክምና ብስክሌቱ ላይ አሰሩኝ፣ ጭኔ ላይ ሁለት ሰፋፊ ፓድ ለጠፉ፣ ኤሌክትሪኩ እግሬን አዘዘው... ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ጡንቻው ሲደክም ሐኪሙ ኃይሉን ጨመረ። ጭራሽ ባሰበት። እስከ ወሩ መጨረሻ አስር ደቂቃ ሳላቋርጥ ካልነዳሁ በሕክምናው ያለኝ ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከወገቤ በታች የቀረኝ እንቅስቃሴ ይሄ ብቻ ነው። ይሄንንም ሊወስዱት?

ጥቅምት 5
እማ ከፋብሪካ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘፍ አለች።
"ፈረቃ ቀረ አሉን። ሁላችንንም ባንዴ አስገቡን፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሞተን ቁጭ።"
"ማን ይተካሽ ታዲያ?"
"ሁሉ ገብቶ ማን ይተካኛል!"
ጭኔም እኮ እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ የጡንቻው ክሮች ይፈራረቃሉ። ማሽኑ ግን እነዚያኑ ክሮች ያለ ዕረፍት ይጠራል። ሁለቱን ሰፋፊ ፓዶች በአራት ትንንሽ ብንተካቸውስ? በየተራ?

ጥቅምት 9
ሥዕሉን ሠርቼ ለሐኪሙ ሰጠሁት። አራት ዓመት ኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማርኩት ለጌጥ አይደለም። ገረፍ አድርጎ አየውና፣ "የኔ እመቤት፣ አንቺ ዝም ብለሽ ንጂ" አለኝ። ወረቀቱን ግን ኪሱ ከተተው።

ጥቅምት 17
ሐኪሙ አልገባም። ማሽኑን የምትይዘው ባለሙያ በሩን ዘግታ አራት ፓድ ለጠፈችልኝ። በሰከንድ ስንት ምት እንደሚሰጡ እኔው ራሴ አስተካከልኩ። "አንቺ ልጅ፣ ልታስባርሪኝ ነው" ትላለች፣ እየሳቀች። ሰባት ደቂቃ!

ጥቅምት 30
የመለኪያው ቀን። በአራት ፓድ ይሁንልኝ ብዬ ለመንኩ። እኔ... ለመንኩ። "ደንቡ ሁለት ነው" አለ ሐኪሙ። ሦስት ደቂቃ ከአርባ። ስሜን ሰረዘው። ባለሙያዋ ወለል ወለሉን ታያለች።

ኅዳር 12
ባለሙያዋ ደወለች። በቦታዬ የገባው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በአራት ፓድ ነው የሚነዳው። "የሐኪሙ አዲስ ዘዴ" ይባላል አሉ። እንግዶች እየመጡ ያያሉ። ለሐኪሙ ደወልኩ። "ወረቀቴን ይመልሱልኝ!"
"የምን ወረቀት፣ ልጄ?"
ልጄ!

ኅዳር 20
እማ ጭኔን በሜትር ለካችው። ሁለት ሴንቲ ቀንሷል። "ሜትሩ ነው የተሳሳተው" አለች።

ኅዳር 26
ባለሙያዋ እንደገና ደወለች። ሾፌሩ አራት ደቂቃ ላይ እየቆመ ነው፣ ሐኪሙ ምክንያቱ ጠፍቶታል።
"ምቱ በሰከንድ ስንት ነው?"
"ለእያንዳንዱ ፓድ አርባ።"
አርባ! ተራ አስይዘው እያንዳንዱን እንደ ድሮው ሰፊ ፓድ በአርባ ይቀጠቅጡታል። ዕረፍቱ የታለ? ሥዕሉን ወሰደ እንጂ ቁጥሩን አልጻፍኩለትም ነበር። ስልኩን ልዘጋባት ነበር... ከኋላዋ የወንድ ድምፅ መጣ። "ልጅቷ ናት? እግሬን አደራ በያት።"
እሱ ምን በደለኝ?
"ለእያንዳንዱ አስር" አልኳት። "አራቱ ሲደመሩ አርባ ይሆናሉ። ለሾፌሩም ከማን እንደመጣ ንገሪው። ፈርተሽ እንዳትውጪው።"
ከሰዓት መልእክት ላከች። አስራ ሁለት ደቂቃ። ነግሬዋለሁ፣ አለቀሰ፣ ትላለች።
አስራ ሁለት። እኔ በአራት ፓድ አንድ ቀን ብቻ ነው የሞከርኩት። ሁለተኛ ቀን ቢሰጡኝ ስንት እደርስ ነበር? ከእንግዲህ የሚለካኝ የለም።